የዐሥር ዓመት በዓልና የመልቀቂያ ደብዳቤ

ጥያቄው

«ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ብዙም በማይርቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ሜትሮን (የነርሶች ኃላፊ) ሆኜ እሠራለሁ። ሆስፒታላችን በመጪው ወር ሥራ የጀመረበትን ዐሥረኛ ዓመት ያከብራል። ድንኳን ተከራይተናል፤ ቲሸርት ታትሟል፤ አምስትና ዐሥር ዓመት ላገለገሉ ሠራተኞች የሚሰጠውን የምስጋና ወረቀት እንዳዘጋጅ ደግሞ እኔ ታዝዣለሁ። የስም ዝርዝር ለማውጣት የሠራተኞችን ማኅደር ስገልጥ ግን ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ከቀጠርናቸው ነርሶች አብዛኞቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ሄደዋል። ከጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ብቻ ከመስከረም ወዲህ ስድስት ነርሶች ለቀዋል። የዲዩቲ (የተረኝነት ሥራ) ክፍያ ሦስት ወር ዘግይቷል። ከሁሉም የከበደኝ ግን በዚሁ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ያገለገለች፣ ለሌሎቹ ሁሉ ምሰሶ የሆነች ነርስ ባለፈው ሳምንት መልቀቂያዋን ማስገባቷ ነው። ከአስተዳደር በኩል ‹በዓሉ እስኪያልፍ ክሊራንሷን አዘግዪ፤ የሥራ ልምዷንም ያዢባት፤ እሷ ከወጣች ሌሎቹም ይከተሏታል› ተብያለሁ። በዓሉን ላዘጋጅ ወይስ አልችልም ልበል? ሰዎቼን በምን ላቆያቸው? ይህችን ልጅስ እንዴት ላድርጋት? ሜትሮኗ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ።»

መልሱ

ውድ እህቴ፣ ሦስት ነገር ጠይቀውኛል፤ እኔ ግን ከመጨረሻው እጀምራለሁ። የበዓሉ ጉዳይ አንድ ወር ይጠብቃል፤ የዚህች እህት ጉዳይ ግን ዛሬ ነገ የሚባልበት አይደለም።

ክሊራንሷን አያዘግዩባት፤ የሥራ ልምዷንም አይያዙባት። የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ በጽሑፍ አሳውቆ በገዛ ፈቃዱ ሥራ የመልቀቅ መብት አለው፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ሠርታ ያገኘችው እንጂ መሥሪያ ቤቱ ደስ ሲለው የሚሰጣት፣ ሲከፋው የሚነፍጋት ችሮታ አይደለም። ነገሩ የሕግ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ ሕግ ክፍል ይሂዱ ብዬ እዚህ ላይ እጨርስ ነበር። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ወጣት ነርሶች አሁን ዓይናቸውን የጣሉት በእሷ ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሌት ተቀን ያገለገለች ሰው በመጨረሻው ወሯ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ካዩ የሚማሩት «እዚህ ቤት መቆየት ያስከብራል» የሚለውን አይደለም፤ «መውጣት ካሰብሽ ቶሎ፣ ከተቻለም ሳትናገሪ ውጪ» የሚለውን ነው። ደመወዙን ተቀብሎ በማግሥቱ ስልኩን አጥፍቶ የሚቀር ሠራተኛ ገጥሞዎት ያውቅ ይሆናል፤ እኔ ባየኋቸው ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሌሎች መውጫ ሲዘጋ ያየ ሰው ነው። ያን ጊዜ የአንድ ወር ማስታወቂያ እንኳ አይኖርዎትም፤ የሌሊቱን ዲዩቲ የሚሸፍን ሰው ሲፈልጉ ያመሻሉ።

ይህን የምልዎት በራሴም ላይ ስለደረሰ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስድስት ዓመት ካገለገልኩበት ሆስፒታል ስለቅ የክሊራንስ ወረቀቴን ይዤ ከንብረት ክፍል ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያም ወደ መድኃኒት ክፍል ስዞር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከፈረሙት ኃላፊዎች አንዱ፣ ቢሮው እኔ ከምሠራበት ዋርድ ሁለት በር አለፍ ብሎ የነበረ ሰው፣ ስሜን ከወረቀቱ ላይ አንብቦ «የት ክፍል ነበርሽ?» ሲል ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ፈረመ። በዚያ ሁሉ ዙረት «ለምን ትሄጃለሽ?» ያሉኝ የልብስ ንጽሕና ክፍሏ እናት ብቻ ነበሩ። ሁለቱን ጋውኖች ቆጥረው ተረከቡኝ፤ የአንደኛው ቁልፍ ተበጥሶ ነበር፤ ምንም ሳይሉ ከመሳቢያቸው መርፌና ክር አወጡና መስፋት ጀመሩ፤ እየሰፉም «ልጄ፣ ምን አስቀየመሽ?» አሉኝ። እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ ካወራሁላቸው ነገር አንዱን እንኳ ለአለቃዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ የጠየቀኝም ሰው አልነበረም። ካወራኋቸው ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ የዲዩቲ ፕሮግራም ትንሽ ቢስተካከል የሚቀረፉ ነበሩ።

ስለዚህ ይህችን እህት ያነጋግሯት፤ ቢሮ አያስጠሯት፤ ከጠዋቱ ርክክብ በኋላ ከግቢው ውጪ ሻይ ይጋብዟት። እንድትቆይ አይለምኗት፤ መልቀቂያ ያስገባ ሰው ልመናን እንደ ሁለተኛ ጫና ነው የሚሰማው። ይልቁንም መውጣቷን የቆረጠችው በየትኛው ሳምንት እንደ ነበርና በዚያ ሳምንት ምን እንደ ተፈጠረ ይጠይቋት። መልሷ «ደመወዙ አልበቃኝም» ከሆነ እርስዎ ሊለውጡት የማይችሉት ነገር ነውና አክብረው ይሸኟት። መልሷ ግን «ለሥልጠና ሦስት ጊዜ ሰው ሲመረጥ ስሜ ተዘለለ» ወይም «የታመመች እናቴን የማስታምምበት ኦፍ ጠይቄ መልስ አጣሁ» ከሆነ፣ በእርስዎ ፊርማ የሚፈጸመውን ብቻ ይንገሯት፤ ቀን ቆርጠው ይንገሯት። በእርስዎ እጅ የሌለውን የትምህርት ዕድል ወይም ቤት ቃል አይግቡላት። ምናልባት ትቆይ ይሆናል፤ ባትቆይም የነገረችዎት ነገር ለቀሩት ይጠቅማል።

አሁን ወደ ማኅደሩ ልመለስ፤ በእኔ እምነት የደብዳቤዎ ዋና ነገር ያለው እዚያ ነው። አብዛኞቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ እንደሚሄዱ በዓይንዎ አይተዋል፤ ምስጋናው የሚሰጠው ግን በአምስተኛውና በዐሥረኛው ዓመት ነው። ጎተራው ከታች ተቀዶ እያለ እኛ ከላይ አፉን እያስጌጥን ነው። ሆስፒታሉ ዐሥር ዓመት የደፈነበትን ቀን ሁሉም ያውቀዋል፤ እያንዳንዷ ነርስ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት የደፈነችበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ግን በግቢው ውስጥ አለ? እኔ የምመክርዎት ነገር ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚመዘዝ ነው፤ ሰው የሚያቆየው የተቋሙ ዕድሜ ሲከበር ሳይሆን የራሱ ዕድሜ በሥራው ላይ ሲታወቅለት ነውና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ማርሊን ክሬመር የተባሉት አሜሪካዊት የነርስነት ተመራማሪ አዲስ ተመራቂ ነርሶች በትምህርት ቤት የተማሩትና በዋርድ ውስጥ የሚያገኙት ሥራ ሳይገጣጠም ሲቀር የሚደርስባቸውን ሁኔታ «የእውነታ ድንጋጤ» ብለው ሰየሙት። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሌላዋ የነርስነት ተመራማሪ ፓትሪሺያ ቤነር ደግሞ አንዲት ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት የምታልፍባቸውን አምስት ደረጃዎች ሲያስረዱ፣ ሦስተኛው፣ ማለትም ሥራዋን በራሷ አቅዳ የምትወጣበት የብቃት ደረጃ፣ ባብዛኛው በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ስትቆይ የሚገኝ መሆኑን ጽፈዋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ከማኅደርዎ ጋር ያስተያዩአቸው። ነርሶችዎ የሚሄዱት ድንጋጤውን ተሸክመው፣ ብቃቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሆስፒታሉ የማሠልጠኑን ድካም ይከፍላል፤ ፍሬውን ሌላ ይበላዋል፤ ነርሷም ብትሆን በሥራዋ የምትኮራበትን ወቅት ሳታየው ትሄዳለች።

እዚህ ላይ በሆስፒታሎቻችን የተለመደ አንድ አሠራር በጣም ያሳስበኛል፤ ነርሶችን በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ከክፍል ክፍል የማዘዋወሩን ነገር ማለቴ ነው። ለጠቅላላ ዕውቀት ጥሩ ነው ይባላል፤ ለአዲስ ተመራቂ በመጀመሪያው ዓመት እውነትም ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን ከአንድ ኪሎ ግራም ጥቂት በሚበልጥ ሕፃን እጅ ላይ ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት የቻለች ነርስ፣ ጣቶቿ ያንን ለመልመድ ወራት የፈጀባቸው ነርስ፣ በማግሥቱ ወደ አዋቂዎች ቀዶ ሕክምና ዋርድ ስትላክ እንደገና ጀማሪ ትሆናለች። ሁለት ጊዜ ጀማሪ የሆነ ሰው ሦስተኛውን የሚጀምረው በሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የጨቅላ ሕፃናቱንና የጽኑ ሕሙማኑን ክፍሎች ከዙሩ ያውጧቸው፤ መዘዋወር የምትፈልግ ራሷ ትጠይቅ። ይህ በጀት አይጠይቅም።

ቀጥሎ የምጠይቅዎት አንድ መዝገብ ነው። ትልቅ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ይግዙና በወር በወሩ ከፍለው የእያንዳንዷን ነርስ ቀኖች ይጻፉበት፤ የተቀጠረችበትን፣ የሙከራ ጊዜዋ የሚያበቃበትን፣ ዓመት የምትደፍንበትን፣ በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ተምራ ከሆነም የአገልግሎት ግዴታዋ የሚያልቅበትን። የመጨረሻው ቀን በተለይ አደገኛ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማያነሣው ቀን ነውና። ግዴታዋ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው «ከዚያ በኋላ ምን አስበሻል? እኛ ዘንድ ምን ብናደርግልሽ ትቆያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሕጉ ራሱ ዓመት ሲቆጥር ኖሯል፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 20 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ሰጥቶ በየተጨማሪው ዓመት አንድ አንድ ቀን እየጨመረ እስከ 30 ቀን ያደርሰው ነበር። ያቺን የተጨመረች አንድ ቀን ሠራተኛዋ ከሰው ሀብት ክፍል ተከራክራ ከምታገኛት «ሁለተኛ ዓመትሽን ደፍነሻል፤ ፈቃድሽ አንድ ቀን ጨምሯል፤ መቼ መውጣት ትፈልጊያለሽ?» ብለው እርስዎ ቢነግሯት ያው አንድ ቀን ሌላ ነገር ይሆናል።

በማኅደር የማይጻፉ ሁለት ቀኖች ግን አሉ፤ እነሱን ይበልጥ እንዲጠብቋቸው እለምንዎታለሁ። የመጀመሪያው አዲሷ ነርስ ያለ አሠልጣኝ ብቻዋን የምታድርበት ሌሊት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የኦክስጅን መጠኑ ሲወርድና ማሽኑ ሲጮህ፣ ሬዚደንቱ (ልዩ ሙያ በመማር ላይ ያለው ተረኛ ሐኪም) ማዋለጃ ክፍል ተይዞ ሳለ፣ የምትደውልለት ሰው ስም በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ የደወለችለትም ሰው «እንዴት ይህን አታውቂም?» የማይላት መሆን አለበት። ሁለተኛው በእጇ ላይ የመጀመሪያው ሕፃን የሚያርፍበት ቀን ነው። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሠራ ሁሉ ይህን ቀን ያውቀዋል። ሕፃኑ ይጠቀለላል፤ ካርዱ ይሞላል፤ አባት በረንዳ ላይ ይጠራል፤ ከዚያ አልጋው ይጸዳና በሰዓቱ ውስጥ ሌላ ሕፃን ይተኛበታል፤ ልጅቷም ያንን ሁሉ አድርጋ ሽፍቷን ትጨርስና በታክሲ ሰልፍ ላይ ለብቻዋ ትቆማለች። በዚያ ቀን ነባሯ ነርስ ሩብ ሰዓት አብራት ብትቀመጥ፣ ሆስፒታሉ ያደረገላትን ከዚያ የሚበልጥ ነገር አላውቅም። ያቺ የምትለቀው እህት ለዘጠኝ ዓመት ይህንን ስታደርግ እንደኖረች እገምታለሁ፤ «ምሰሶ» ያሏት ለዚህ ይመስለኛል። በሥራ መዘርዝሯ ላይ ግን አልተጻፈም፤ ስለዚህ ስትሄድ የሚተካት ሰው ሲታሰብ ይህ ሥራ ይረሳል። አሁኑኑ ለማን እንደሚሰጥ ይወስኑ፤ የተሰጣትም ሰው በዲዩቲ ሰንጠረዡ ላይ ሰዓት ይያዝላት።

ስለ ዲዩቲው ክፍያ ደግሞ በግልጽ እነግርዎታለሁ። ሦስት ወር የዘገየ ክፍያ ባለበት ግቢ ውስጥ የሚሰጥ የምስጋና ወረቀት ምስጋና ሆኖ አይነበብም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍሬደሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ፒትስበርግ አካባቢ ኢንጂነሮችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ጠይቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ባሳተሙት ጥናት፣ ሠራተኛን የሚያስከፋው ነገርና ሠራተኛን የሚያረካው ነገር ሁለት የተለያዩ መሆናቸውን አመልክተዋል፤ ደመወዝ፣ የሥራ ሁኔታና የአለቃ ጠባይ ሲጓደሉ ያስከፋሉ፣ ዕውቅናና በሥራ ማደግ ደግሞ ያረካሉ፤ የአንዱን ጉድለት ግን በሌላው መሙላት አይቻልም። ለዚህ እንኳ የአሜሪካ ጥናት አያስፈልገንም፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄያቸውን ይዘው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችንም አይተናል። እርስዎ በጀት አይመድቡም፤ የድንኳኑና የቲሸርቱ ገንዘብም ከሌላ የበጀት ርዕስ የወጣ ነው ይሉዎት ይሆናል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ክፍያው የቆመው የት ላይ እንደሆነ ተከታትለው ያውቁታል? ብዙ ጊዜ የዲዩቲ ሰንጠረዡ ከዋርድ የሚወጣው ዘግይቶ ነው፤ ወይም የፈረቃ ቅያሬ ሳይመዘገብበት ይቀርና ሰው ሀብት ይመልሰዋል፤ ወይም አንድ ፊርማ ይጎድለዋል፤ እንዲህ እየሆነ ከወሩ ክፍያ ያመልጣል። በእርስዎ እጅ ያለውን ክፍል በቀን ቆርጠው ያስተካክሉት። ቀሪው የፋይናንስ ከሆነም ኃላፊውን በርክክብ ሰዓት ወደ ነርሶቹ ይጋብዙትና የሚከፈልበትን ቀን ራሱ ይንገራቸው። ቀኑም ከበዓሉ በፊት እንዲሆን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቅጂውን ያስቀምጡ።

የቦታውም ነገር አለ። ከተማው መሐል ያለ ሆስፒታል የሌለበት ችግር የእናንተ አለባችሁ። ከቱሉ ዲምቱ የአዳማው ፈጣን መንገድ ይጀምራል፤ መኪና ላለው ሰው ምቹ ነው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዲዩቲ ጨርሳ ወደ ቃሊቲ ወይም ወደ ሳሪስ የምትሄድ ነርስ ግን ታክሲ ይጠፋባታል፤ ኮየ ፈጬ የምትገባውም ከዋናው መንገድ በጨለማ ትራመዳለች። ሰርቪሱ የሚነሣው በአስተዳደር ሠራተኞች መውጫ ሰዓት ከሆነ፣ ሆስፒታሉ መኪናውን የሰጠው ቀን ለሚሠሩት ብቻ ነው ማለት ነው። ወይ የሰርቪሱን አንድ ምልልስ ወደ ፈረቃው ሰዓት ያዙሩት፤ ወይ የፈረቃውን ሰዓት ወደ ሰርቪሱ። ከለቀቁት ስድስት ነርሶች ስንቱ ሩቅ ሰፈር ይኖሩ እንደ ነበር ከማኅደሩ ቢፈትሹ ደስ ይለኛል።

ይህን ስጽፍ ከከተማችን ሌላኛው ጫፍ፣ በምዕራብ በኩል ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ደስታ መንደር ትዝ አለኝ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 አዲስ አበባ የመጡት በሦስት ዓመት ውል ነበር፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፤ ዶክተር ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ ድረስም ከአገሩ አልወጡም። ከእሳቸው ጽናት ይልቅ ዛሬ እኔን የሚያስተምረኝ ግን በዙሪያቸው ያሉት ሰዎች የቆዩበት ምክንያት ነው። ማሚቱ ጋሼ ታካሚ ሆነው መጡ፤ ከዳኑ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ማገዝ ቀጠሉ፤ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው በዓለም የታወቁ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ለመሆን በቁ። እጃቸው ምን እንደሚችል ያስተዋለ ሰው ነበር፤ ካስተዋለም በኋላ ቀጣዩን ደረጃ ሰጣቸው። በደስታ መንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የተከፈተው የአዋላጆች ኮሌጅ ደግሞ ተማሪዎቹን ከገጠር መልምሎ አስመርቆ ወደ ገጠር ሲመልሳቸው ለየብቻ አይልካቸውም፤ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በገጠርና ራቅ ባሉ ቦታዎች ሠራተኛን ስለማቆየት ባወጣው መመሪያ የገጠር ተወላጆችን መልምሎ ማስተማርን ይመክራል። ከዚህ ለእርስዎ የሚሆነው ሁለት ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ቅጥር ከአቃቂ፣ ከገላን፣ ከዱከምና ከኮየ ፈጬ የሚመጡ አመልካቾችን አጥብቀው ይፈልጉ፤ አዲስ ገቢዎችንም ሁለት ሁለት አድርገው በአንድ ክፍልና በአንድ ፈረቃ ይመድቡ። ብቻዋን የገባች ብቻዋን ትወጣለች።

ይህ ሁሉ የሜትሮን ሥራ ነው ወይ ብለው ሊጠይቁኝ ይችላሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ከባድ የነርስ እጥረት በገጠማት ጊዜ የነርሶች አካዳሚያቸው 163 ሆስፒታሎችን መርምሮ ነርሶች የማይለቋቸውን 41 ለይቶ ነበር፤ ማግኔት ብረትን እንደሚስብ ነርሶችን ይስባሉና «ማግኔት» አሏቸው። በኋላ ይህ ስም ይፋዊ ዕውቅና ሆነና በ1994 መጀመሪያ የተሰጠው በሲያትል ለሚገኘው ለዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ ማለትም እንደ እናንተው የዩኒቨርሲቲ ለሆነ ሆስፒታል ነው። በ41ዱ ውስጥ ተደጋግሞ የታየው የነርሶቹ አለቃ በዋርዱ ውስጥ የምትታይና የምትገኝ መሆኗ፣ ነርሶቹም ስለ ገዛ ሥራቸውና ስለ ፈረቃቸው ቃል ያላቸው መሆናቸው ነው። እነዚህ ሁለቱ በእርስዎ እጅ ናቸው።

አሁን በዓሉ። ያዘጋጁት፤ አልችልም አይበሉ። ዐሥር ዓመት ሕፃናት የተወለዱበትና ሕሙማን የዳኑበት ቤት ሊከበር ይገባዋል፤ እርስዎ ትተውት ቢወጡ ደግሞ ሌላ ሰው ያለ ልብ ይሠራዋል። ግን ቅርጹን ይለውጡት። ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጠው ቀን ኦፍ ያለው ሰው ነው፤ ለዓመታት የደከመችው ነርስ በዚያች ሰዓት ዲዩቲ ላይ ልትሆን ትችላለች፤ ወረቀቷን በሳምንቱ ከጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ታነሣዋለች። ስለዚህ የምስጋናውን ክፍል ከድንኳኑ አውጥተው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሌሊቱና የቀኑ ፈረቃ በሚገናኙበት ርክክብ፣ በየዋርዱ ያድርጉት፤ የሆስፒታሉ ኃላፊ ከዋርድ ዋርድ ይዙር። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የካርድ ክፍሉ፣ የጥበቃው፣ የአምቡላንስ ሹፌሩና የልብስ ንጽሕናው ስም በዝርዝሩ ይኑር። ከወረቀቱ ጋር የሚሰጠው ነገር ደግሞ ሰዓትና ምርጫ ይሁን፤ ዐሥር ዓመት የደፈነ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የበዓል ቀን ዲዩቲውን ቀድሞ ይምረጥ፤ አምስት ዓመት የደፈነ ለሚቀጥለው ሥልጠና ስሙ በዝርዝሩ ራስ ላይ ይጻፍ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፤ ያቺ እህት አምስተኛ ዓመቷን የደፈነችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። የዚያን ጊዜ ወረቀት አልነበረም፤ ድንኳንም አልነበረም። ወረቀቱ ዛሬ የሚደርሳት ሆስፒታሉ ዐሥር ስለሞላው ነው። ከዚህ በኋላ አምስተኛ ዓመቱን በጥር የሚደፍን ሰው በጥር ይመስገን፤ መዝገቡ ለዚህም ይሆናል።

የሥራ ልምዷን ደብዳቤ ለሰው ሀብት ክፍል ብቻ አይተዉት። እነሱ የሚጽፉትን እናውቀዋለን፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በነርስነት ማገልገሏን፣ ደመወዟንና ግብር መክፈሏን በአራት መስመር ያሰፍራሉ። እሱ ይኑር። ከእሱ ጋር የሚያያዝ አንድ ገጽ ግን እርስዎ በእጅዎ ይጻፉላት፤ ስንት አዲስ ነርሶችን እንዳሠለጠነች ከመዝገብ ቆጥረው፣ የሌሊት ዲዩቲ ለስንት ዓመት እንደ መራች፣ ካኑላ ሲያቅት ከየዋርዱ የምትጠራው እሷ እንደ ነበረች፣ የመጀመሪያ ሕፃናቸው ካረፈባቸው ጀማሪዎች ጋር አብራ ትቀመጥ እንደ ነበር ይጻፉ፤ ማኅተም ያስደርጉበት። በመጨረሻው የሥራ ቀኗም በጠዋቱ ርክክብ ላይ ካሠለጠነቻቸው መካከል አንዷ ጮክ ብላ ታንብበው።